ዓለም ከፈረሰች በኋላ



ልብ ወለድ አፍቃሪ የሆነ ሰው «የቪዲዮ ጨዋታ» ሲባል ብዙውን ጊዜ ፊቱን ያዞራል። ጨዋታ የልጅ ነው፣ ጊዜ መግደያ ነው፣ ጣት እንጂ ልብ አይነካም ይባላል። ይህ ፍርድ መሠረት የሌለው አይደለም፤ ከተሠሩት ጨዋታዎች የሚበዙት ከዚህ የተሻለ ስም አላተረፉምና። ይሁን እንጂ ከሠላሳ ዓመታት በፊት በጃፓን የተሠራ አንድ ጨዋታ አለ፤ ታላላቅ ልብ ወለዶች የሚያነሡትን ጥያቄ አንሥቶ፣ ልብ ወለድ ሊያደርገው በማይችለው መንገድ መልሱን ከተደራሲው እጅ የሚጠብቅ። ስሙ «ፋይናል ፋንታሲ 6» ይባላል። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ክፉው አሸንፎ፣ ዓለም ፈርሳ ካበቃች በኋላ ሰው ስለ ምን ብሎ ይኖራል?

ብዙዎች ይህን ጨዋታ ስለ ዜማው፣ ስለ ሥዕሉ፣ ስለ ገጸ ባሕርያቱ ብዛት ያመሰግኑታል። ምስጋናው ሁሉ የተገባ ነው። ለእኔ ግን ታላቅነቱ ከሁሉ በላይ በአንድ ነገር ላይ ያረፈ ነው። ተስፋን በቃል አይሰብክም፤ ተጫዋቹ ተስፋ ለማድረግም ሆነ ላለማድረግ ነጻ የሚሆንበትን ስፍራ ይፈጥራል እንጂ። ይህን ለማስረዳት ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሰን ጨዋታው የተወለደበትን ዘር ማየት ይገባናል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

* * *

በ1974 አሜሪካ ውስጥ «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለ ጨዋታ ታተመ። ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ አንዱ ጦረኛ፣ አንዱ ጠንቋይ፣ አንዱ ሌባ እየሆኑ፣ የትግሉን ፍጻሜ ለዕጣ እየሰጡ፣ በጋራ አንድ ታሪክ የሚፈጥሩበት ነበር። ይህ የጠረጴዛ ጨዋታ ብዙ ሳይቆይ ወደ ኮምፒዩተር ተሻገረ። በ1981 «አልቲማ» እና «ዊዛርድሪ» የተባሉት ሁለት የአሜሪካ ሥራዎች ወጡ፤ ከእነዚህ ሥራዎች ፍቅር ከያዛቸው ጃፓናውያን አንዱ ዩጂ ሆሪ ነበር። ሆሪ ውስብስቡን ሕግ አቅልሎ፣ ቁጥር ለሚፈራ ልጅ እንኳ እንዲገባ አድርጎ፣ በ1986 «ድራገን ክዌስት»ን ለሕዝብ አቀረበ። ሥዕሉን የ«ድራገን ቦል» ፈጣሪ አኪራ ቶሪያማ፣ ዜማውን ኮይቺ ሱጊያማ ሠሩለት። በዓመቱ፣ በዲሴምበር 1987፣ ስኩዌር የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያውን «ፋይናል ፋንታሲ» አወጣ። መሪው ሂሮኖቡ ሳካጉቺ፣ የዜማው ደራሲ ኖቡኦ ኡኤማትሱ፣ ሠዓሊው ዮሺታካ አማኖ ነበሩ።

የዚህ ዘር ሕግ ለተረት የቀረበ ነው። ጀግናው ከትንሽ መንደር ይነሣል። በመንገድ ከአውሬ ጋር እየታገለ፣ በየከተማው ሰው እያነጋገረ፣ ጥበብና መሣሪያ እየሰበሰበ ይጠነክራል። በመጨረሻ ክፉው ይወድቃል፣ ዓለም ትድናለች። የደከመ ያገኛል፣ የጸና ያሸንፋል። ሥርዓቱ ደግ ነው፤ ስለ ሕይወት ግን ሙሉውን እውነት አይናገርም። ደክሞ ያጣ፣ ጸንቶም የተሸነፈ ሰው በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቦታ የለውም።

ስድስተኛው ክፍል ሲዘጋጅ ስኩዌር ውስጥ የኃላፊነት ሽግግር ነበር። እስከ አምስተኛው ድረስ ሥራውን በቀጥታ ሲመራ የቆየው ሳካጉቺ ራሱን ወደ ፕሮዲዩሰርነት አንሥቶ፣ የዳይሬክተርነቱን ቦታ ለዮሺኖሪ ኪታሴ እና ለሂሮዩኪ ኢቶ ለቀቀ። ኢቶ በውጊያው ሥርዓት ላይ፣ ከሲኒማ ፍቅር የመጣው ኪታሴ ደግሞ በታሪኩ ትዕይንቶች ላይ አተኮሩ። ከሁሉ በፊት አንድ ውሳኔ ተወሰነ፤ ዋና ገጸ ባሕርይ የሚባል አንድ ሰው አይኖርም፣ ሁሉም ዋና ይሆናሉ። የቡድኑ አባላት የየራሳቸውን ሰው፣ ከነሕይወት ታሪኩ፣ ይዘው መጡ። ከዚያ የተሰበሰቡት 14 መንገደኞች የአንድ ደራሲ ልጆች አይመስሉም፤ አንዱ ንጉሥ ነው፣ አንዱ ቁማርተኛ፣ አንዱ በአውሬ መካከል ያደገ ብላቴና፣ አንዱ ስሙን የሸሸገ ነፍሰ ገዳይ። ለመጨረሻው ሥራ ከጅማሬው ይህ ድርድር ያስፈልገው ነበር፤ መንገደኞቹ ሲበተኑ ማንን እንደምንፈልግ እንድንመርጥ፣ እያንዳንዱ ሊፈለግ የሚገባው ሰው መሆን ነበረበትና።

ጨዋታው ኤፕሪል 2 ቀን 1994 በጃፓን ለሽያጭ ቀረበ። የወጣው ሱፐር ፋሚኮም ለተባለው የኒንቴንዶ መሣሪያ ነው። ካሴቱ የሚይዘው 24 ሜጋቢት፣ ማለትም 3 ሜጋባይት ብቻ ነበር። ዛሬ በእጅ ስልክ የምናነሣው አንድ ፎቶግራፍ ብቻውን ይህን ያህል ቦታ ይወስዳል። የአማኖ ረቂቅ የውኃ ቀለም ሥዕሎች በዚያ መስኮት ላይ ሲደርሱ፣ ወርዳቸው 16 ነጥብ፣ ቁመታቸው 24 ነጥብ የሆኑ ትንንሽ ምስሎች ሆኑ። የድምፁ ክፍል በአንድ ጊዜ ከስምንት በላይ ድምፅ ማሰማት አይችልም ነበር። እነዚህ አውራ ጣት የሚያህሉ ሰዎች አንገታቸውን ይደፋሉ፣ ጀርባቸውን ይሰጣሉ፣ እጃቸውን ያነሣሉ፤ ከዚህ የበለጠ ሊያደርጉ አይችሉም። ነገር ግን በጃፓን «ቡንራኩ» የተባለ ጥንታዊ የአሻንጉሊት ቲያትር አለ፤ እንጨት ፊት ያለው አሻንጉሊት አንገቱን በጥቂቱ ሲያዘነብል አዳራሹ ሙሉ የሚያለቅስበት። የፊት ገጽታ ሲጎድል ተመልካቹ ከራሱ ልብ ይሞላዋል። የስድስተኛው ክፍል ሰዎችም እንዲሁ ናቸው።

* * *

ታሪኩ በበረዶ ይከፈታል። በጨለማ፣ በነፋስ፣ ሦስት ሰዎች የብረት ፈረስ በመሰሉ የጦር መሣሪያዎች ላይ ተቀምጠው፣ በሩቅ መብራቷ ወደሚታይ የማዕድን ከተማ በዝግታ ይጓዛሉ። ከሦስቱ አንዷ ቴራ ናት፤ ፈቃዷን በሚነጥቅ ዘውድ ታስራ የንጉሠ ነገሥቱ ባሪያ የሆነች ወጣት። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት በተደረገ ጦርነት አስማት ከዓለም ጠፍቶ፣ በቦታው ብረት፣ እንፋሎትና ባሩድ ነግሠዋል። ንጉሠ ነገሥት ጌስታል ግን «ኤስፐር» የሚባሉትን የአስማት ፍጡራን እያሠረ፣ ኃይላቸውን እየመጠጠ ዓለምን ይውጣል። ቴራ ከሰው እናትና ከኤስፐር አባት የተወለደች ስለሆነች ለእሱ ትልቅ መሣሪያ ናት። ለራሷ ግን ከሁለቱም ወገን ያልሆነች፣ ፍቅር ምን እንደሆነ እንኳ የማታውቅ ባዕድ ናት።

በጌስታል ጥላ ሥር ኬፍካ አለ። ፊቱን የተቀባ፣ እንደ አዝናኝ የለበሰ፣ ሣቁ የሚያስገርም ሰው ነው። የአስማትን ኃይል በሰው ሥጋ ውስጥ የማስገባት ሙከራ በመጀመሪያ የተደረገው በእሱ ላይ ሲሆን፣ ሙከራው አእምሮውን ሰብሮታል። መጀመሪያ ላይ የምንስቅበት ይህ ሰው፣ የዶማን ምሽግ ከብቦ ሳለ ወንዙን መርዞ ሕዝቡን ይጨርሳል። የዶማው ባለ ሰይፍ ሳያን ሚስቱንና ልጁን በአንድ ቀን ያጣል። ሙታንን በሚያጓጉዝ ባቡር ላይ ተሳፍረው ሲሄዱ፣ ሳያን በባቡር ጣቢያው ላይ እየሮጠ ይከተላቸዋል፤ ጣቢያው ያልቃል፣ ባቡሩ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚታየው የሰውየው ጀርባ ብቻ ነው። ተጫዋቹም ለጥቂት ጊዜ ሌሎቹን ሰዎች ወደ እሱ ከማስጠጋት በቀር የሚያደርገው የለውም።

በዚህ የመጀመሪያ አጋማሽ መካከል ብዙዎች የማይረሱት የኦፔራ ትዕይንት አለ። መንገደኞቹ የሴትዘርን በራሪ መርከብ ይፈልጋሉ። ቁማርተኛው ሴትዘር ደግሞ ማሪያ የተባለችውን ዘፋኝ ከመድረክ ላይ ሊጠልፍ ዝቷል። ከንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ከድታ የመጣችው ጄኔራል ሴሌስ መልኳ ከማሪያ ጋር ስለሚመሳሰል በቦታዋ እንድትዘፍን ይወሰናል። ተጫዋቹ የዘፈኑን ግጥም አስቀድሞ አንብቦ በቃሉ መያዝ አለበት፤ መጋረጃው ሲከፈት ትክክለኛውን ስንኝ መርጦ፣ ሴሌስን በተገቢው ቦታ ማቆም ይጠበቅበታልና። ማሪያ በጦርነት የተለያት ወዳጇን በሰገነት ላይ ሆና ትጠብቃለች፤ ዘፈኑ የናፍቆት ነው። መሣሪያው የሰው ድምፅ ማውጣት ስለማይችል ኡኤማትሱ በድምፃዊት ፈንታ ሰው ሠራሽ የሆነ፣ ቃል የሌለው፣ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ተጠቀመ። ስንኙን በመስኮቱ ላይ እያነበብን ዜማውን እየሰማን፣ ሁለቱን የሚያጋጥመው የእኛው ሕሊና ነው።

ይህን ዜማ ልብ በሉት። ለጊዜው የቲያትር ናፍቆት ነው፤ ሴሌስ ሌላዋን ሴት መስላ የምትዘፍነው። በኋላ ግን የራሷ ይሆናል።

* * *

ከዚያ ዓለም ትፈርሳለች።

በሰማይ ላይ በተንሳፈፈ ምድር ላይ ኬፍካ ጌታውን ጌስታልን ገድሎ፣ የዓለም ሚዛን የተመሠረተባቸውን ሦስት ሐውልቶች ከቦታቸው ያናውጣል። ሰዓት ቆጣሪ መስኮቱ ላይ ይወጣል፤ መንገደኞቹ ወደ መርከባቸው ለማምለጥ ይሮጣሉ። እንዲያመልጡ ሲል ወደ ኋላ የቀረው ነፍሰ ገዳዩ ሻዶው ነው፤ በገንዘብ የሚቀጠር፣ ከውሻው በቀር ማንንም የማያቀርብ ሰው። በምድሪቱ ጠርዝ ላይ ስንደርስ መስኮቱ ሁለት ምርጫ ያቀርብልናል፤ መዝለል ወይም መጠበቅ። ሰዓቱ እየሮጠ ነው፣ ምድር እየተናደች ነው፤ የጨዋታ ልማድም «ዝለል» ይላል። ወዲያው የዘለለ ይተርፋል፤ ሻዶው ግን ለዘለዓለም ጠፍቷል። ጥቂት ሴኮንዶች እስኪቀሩ ድረስ የጠበቀ ደግሞ ሻዶው እየሮጠ ሲመጣ ያያል። ጠብቅ ብሎ የሚያዝዝ የለም። የጠበቀም ያልጠበቀም ጨዋታውን መቀጠል ይችላል። ልዩነቱ የአንድ ሰው ሕይወት ብቻ ነው፤ ያልጠበቀውም ሰው ብዙውን ጊዜ ማዳን ይችል እንደነበረ አያውቅም።

በ1997 የወጣው የዚሁ ተከታታይ ሰባተኛ ክፍል ኤሪስ በተባለች ልጅ ሞት ምክንያት በዓለም ዙሪያ ታውቋል። ያ ሞት ግን አይቀሬ ነው፤ ማንም ሊያድናት አይችልም፤ ሐዘኑም የተመልካች ሐዘን ነው። የሻዶው ነገር ከዚህ ይለያል። እዚህ ያለው ሐዘን የባለዕዳ ሐዘን ነው።

ዓመት ያልፋል። ሴሌስ ከረጅም እንቅልፍ በአንዲት ጭር ያለች ደሴት ላይ ትነቃለች። ሰማዩ ዝገት መስሏል፤ ባሕሩ ሕይወት የለውም። ከእሷ ጋር ያሉት አረጋዊው ሳይንቲስት ሲድ ብቻ ናቸው። እኒህ ሰው በንጉሠ ነገሥቱ ቤተ ሙከራ ኤስፐሮችን ሲመጥጡ የኖሩ፣ በዚያ ኃጢአት የሚጸጸቱ፣ ሴሌስንም ከልጅነቷ ጀምሮ ያሳደጓት ናቸው። አሁን ታመዋል፣ ምግብ ካፋቸው አልገባም። ሴሌስ «አያቴ» ልበልዎት ወይ ትላቸዋለች፤ ከዚያ ዓሣ ልታጠምድ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ትወርዳለች።

በውኃው ውስጥ ፈጣን ዓሣ አለ፣ ዘገምተኛም ዓሣ አለ። ለመያዝ የሚቀለው ዘገምተኛው ነው፤ ያ ግን የታመመ ነውና ሽማግሌውን ይጎዳቸዋል። ፈጣኑን ለመያዝ ትዕግሥትና ድካም ይጠይቃል። ይህንን ማንም አስቀድሞ አይነግረንም። በቸልታ የቀረበውን ሁሉ እያፈሰ የሚያበላ ሰው፣ በደግነት ገድሏቸዋል ማለት ነው። ሽማግሌው ከሞቱ ሴሌስ ተስፋ ቆርጣ በደሴቲቱ ሰሜን ወዳለው ገደል ትወጣለች፤ ያ የኦፔራው ዜማ ተመልሶ ይሰማል፤ ራሷን ትወረውራለች። ባሕሩ ግን መልሶ ይተፋታል። ዐይኗን ስትገልጥ ክንፉ የቆሰለ ወፍ አጠገቧ አለ፤ ቁስሉም በጨርቅ ታስሯል። ጨርቁ የወዳጇ የሎክ ነው። በዚያ የሞተ ዓለም ውስጥ፣ የሆነ ቦታ፣ ሎክ የወፍ ቁስል ለማሰር ጎንበስ ብሏል። ሴሌስን ወደ ሕይወት የሚመልሳት ይህ ብቻ ነው፤ የድል ዜና አይደለም፣ የሹመት ተስፋም አይደለም፣ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ነው።

ሽማግሌው ከዳኑ ደግሞ ገደሉ የለም፤ የሠሩትን ታንኳ አሳይተው መርቀው ይሸኟታል። በሁለቱም መንገድ ሴሌስ ወደ ባሕር ትወጣለች። ነገር ግን አሳዝኖም ቢሆን ሊነገር የሚገባው ነገር አለ። ወፉና ጨርቁ የሚታዩት ሽማግሌው ለሞቱበት ተጫዋች ብቻ ነው። ያዳነ ሰው አያቱን ያገኛል፤ ያላዳነ ሰው ምልክቱን ያገኛል። ከሁለቱ የትኛው የተሻለ እንደሆነ ጨዋታው አይፈርድም፤ ለቅጣትም ለሽልማትም አይቸኩልም።

* * *

የስድስተኛው ክፍል ትልቁ ብልሃት ከዚህ በኋላ ይመጣል። በመጀመሪያው አጋማሽ፣ ዓለም ደኅና ሳለች፣ መንገዳችን ጠባብ ነበር፤ ወዴት እንደምንሄድ ታሪኩ ይነግረን ነበር። ዓለም ከፈረሰች በኋላ፣ ሴሌስ ኤድጋርን፣ ቀጥሎም በመጠጥ ቤት የተቀመጠውን ሴትዘርን ካገኘችና የሟች ወዳጁን በራሪ መርከብ ከመቃብር ካወጡ በኋላ፣ መሪ የለም። የኬፍካ ግንብ በካርታው መካከል ቆሟል። በነዚህ ሦስት ሰዎች ብቻ ወደ ግንቡ ሄዶ መጋፈጥ ይቻላል። የቀሩትን ፈልጉ የሚል ትእዛዝ የለም።

ሰው ግን ይፈልጋቸዋል። አዛዥ ሳይኖረው በፍርስራሽ ውስጥ ከከተማ ከተማ እየዞረ፣ ወዳጆቹ በሕይወት እንዳሉና እንዴት እንደሚኖሩ ይጠይቃል። የጨዋታው ትርጉም በዚህ ፍለጋ ውስጥ ነው። ደራሲ «ወዳጆቹን ሊፈልግ ተነሣ» ብሎ ቢጽፍልን እናምነዋለን፤ እዚህ ግን የተነሣነው እኛ ነን።

የተበተኑትም ሰዎች ጀግንነታቸውን ይዘው ቆመው አይጠብቁንም፤ እያንዳንዱ በየራሱ ፍርስራሽ ውስጥ ነው። ቴራ ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን የሞብሊዝ ሕፃናት ታሳድጋለች፤ እናት ሆናለች፣ መዋጋትም አቅቷታል። ለምን እንደሆነ ራሷም አታውቅም፤ የማታውቀው ፍቅር እንደያዛት የምንረዳው ከእሷ ቀድመን ነው። ሎክ ሊያድናት ያልቻላትን የቀድሞ እጮኛውን ከሞት የሚመልስ ተአምር ፍለጋ ዋሻ ውስጥ ገብቷል። በአውሬ መካከል ያደገው ጋው አባቱን ያገኛል፤ አእምሮው የታወከው አባት ግን ልጁን አያውቀውም። ወዳጆቹ ጥሩ ልብስ አልብሰው፣ ፀጉሩን አበጥረው፣ ጠረጴዛ ላይ አመጋገብ አስተምረው የወሰዱት ብላቴና፣ አባቴ በሕይወት አለና ደስ ብሎኛል ከማለት በቀር የሚለው የለውም።

ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ከሁሉ የሚደንቀው ግን የሳያን ነገር ነው። ማራንዳ በተባለች ከተማ አንዲት ሴት ከወታደር ፍቅረኛዋ ደብዳቤና አበባ ይደርሳታል። እኛ ግን ወታደሩ የነበረበት መንደር እንደፈረሰና እሱም እንደሞተ እናውቃለን። ደብዳቤውን የሚያደርሰውን እርግብ ስንከተል ከተራራ ጫፍ ላይ ሳያንን እናገኘዋለን። ሚስቱንና ልጁን ያጣው ሰው፣ የማያውቃትን ሴት ሐዘን አይቶ፣ በሟቹ ስም ደብዳቤ እየጻፈ፣ በእጁም አርቴፊሻል አበባ እየሠራ ይልክላት ነበር። ሐሰት ነው፤ ሐሰትነቱንም ያውቃል። በመጨረሻ እውነቱን ገልጦ ይጽፍላታል፤ ባለፈው ነገር ውስጥ ተቀብሮ የቀረው እሱ ራሱ እንደሆነ ይናዘዝላታል። ለሙታን ስንል ለሕያዋን የምንናገረው ሐሰት ምሕረት ነው ወይስ እስር ቤት? በ3 ሜጋባይት ካሴት ውስጥ፣ ያውም ብዙ ተጫዋቾች ሳያስተውሉት ሊያልፉት በሚችሉት ጥግ ላይ፣ ይህ ጥያቄ ተቀምጧል።

* * *

እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። በሁለተኛው አጋማሽ ከሞላ ጎደል ሁሉም ገጸ ባሕርያት ሁሉንም አስማት መማር ስለሚችሉ፣ ሲጀምር የነበራቸው የየራሳቸው ሙያ እየደበዘዘ ይሄዳል። ከ14ቱ መንገደኞች ሁለት ሦስቱ ከቀልድ አያልፉም። በየጥቂት እርምጃው የሚያቋርጠው ውጊያም ትዕግሥት ያስጨርሳል። የእንግሊዝኛው ትርጉምም የራሱ ታሪክ አለው። በኦክቶበር 1994 በአሜሪካ ሲወጣ፣ ከቀደሙት ክፍሎች ሦስቱ እዚያ ስላልደረሱ፣ «ፋይናል ፋንታሲ 3» ተባለ። ተርጓሚው ቴድ ዉልዚ ጥብቅ የቦታ ገደብና አጭር ጊዜ ነበረው። የኒንቴንዶ የአሜሪካ ቅርንጫፍም ሃይማኖትን፣ መጠጥንና ሞትን የሚነኩ ቃላት እንዲለዝቡ ይፈልግ ነበር። የገደሉ ነገር በለሰለሰ ቋንቋ አለፈ፤ መጠጥ ቤቱ «ካፌ» ሆነ፤ በጃፓንኛ ቲና የምትባለው ልጅ ቴራ ተባለች። ትክክለኛው ቁጥር ወደ አሜሪካ የተመለሰው በ1999 ለፕሌይስቴሽን ሲታተም ነው። በ2022 ደግሞ ታድሶ ሲወጣ፣ ለ28 ዓመታት ቃል አልባ የነበረው የኦፔራ ዘፈን በእውነተኛ ድምፃውያን ተዘፈነ። አምሮበታል። ሆኖም ቃል በሌለበት ጊዜ በእኛ ሕሊና ውስጥ ይዘፍን የነበረው ድምፅ ከዚህ ያነሰ አልነበረም።

የዚህ ዘር ዜማዎች ዛሬ ከቤት ወጥተዋል። ጁላይ 23 ቀን 2021 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲከፈት፣ የኢትዮጵያን ጨምሮ የየአገሩ ቡድኖች ወደ ስታዲየሙ የገቡት በጃፓን የቪዲዮ ጨዋታ ዜማዎች ታጅበው ነበር፤ ከነዚህም የ«ድራገን ክዌስት» እና የ«ፋይናል ፋንታሲ» ዜማዎች ይገኙበታል። የልጅ መጫወቻ የተባለው ነገር አንዲት አገር ለዓለም እንግዶቿ ከምታቀርበው መስተንግዶ አንዱ ሆነ።

* * *

ወደ ግንቡ እንመለስ። ኬፍካ ዓለምን አፍርሶ አምላክ ሆኗል፤ ግን ደስታ የለውም። መንገደኞቹ ፊቱ ሲቆሙ የሚያነሣው ጥያቄ የማያወላውል ነው። መፍረሱ ላይቀር ለምን ትሠራላችሁ? መሞታችሁ ላይቀር ሕይወትን ለምን ትጨብጣላችሁ? ይህ የእብድ ጥያቄ አይደለም፤ መጽሐፈ መክብብን ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። ጨዋታው መልስ የሚሰጠው በፍልስፍና አይደለም። መንገደኞቹ በየተራ ያገኙትን ይናገራሉ። የአንዷ መልስ ሕፃናቷ ናቸው፤ የአንዱ በልቡ የሚኖሩት ሚስቱና ልጁ፤ የአንዱ የወዳጁ መርከብ። ትንንሽ ነገሮች ናቸው። እዚያ ቆመው የሚናገሩት ግን ፈልገን ያገኘናቸው ብቻ ናቸው። በሦስት ሰው የመጣ፣ የሦስት ሰው መልስ ይዞ ይቆማል። ሁሉን ፈልጎ የመጣ ሙሉ ጉባኤ ይዞ ይቆማል። የመልሳችን ስፋት በፍለጋችን ልክ ነው።

ኬፍካ ሲወድቅ የፈረሰው አይመለስም። ከሱ ጋር አስማት ከዓለም ይጠፋል። ከሃያ ደቂቃ በላይ በሚዘልቀው የፍጻሜ ዜማ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ በየተራ ይታያል። የኤስፐር ደም ያላት ቴራ አብራ ልትጠፋ ትችል ነበር፤ ሰብአዊ ወገኗን ከምድር ጋር ያሠረው የሕፃናቱ ፍቅር ነው። ሻዶውን ጠብቀን አድነነው ከሆነ፣ እሱ በሚፈርሰው ግንብ ውስጥ በፈቃዱ ይቀራል። ያዳንነው ሰው የሰጠነውን ሕይወት በራሱ መንገድ የማኖር ነጻነት አለውና፣ በዚህ ልንቆጣ አንችልም።

በመጨረሻ መርከቡ በምድሪቱ ላይ ይበራል። ከታች ሰዎች ቤት ይሠራሉ፣ በደረቀው መሬት ላይ ቡቃያ ብቅ ይላል። ቴራ ከመርከቡ ጫፍ ቆማ የታሰረ ፀጉሯን ትፈታለች፤ ነፋሱ ይወስደዋል። በበረዶው ውስጥ ዘውድ በራሷ ላይ ታስሮባት የጀመረች ልጅ ናት። አሁን በራሷ ላይ የቀረ ማሠሪያ የለም።